ከምሽቱ 3:32 አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጣሊያን አገር፣ ላኩዊላ ከተማ የምኖር ባዳንቴ ነኝ። ቃሉን ለማያውቅ፣ አዛውንት የምትንከባከብ ሴት ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ከተማችን አኒሜ ሳንቴ ቤተ ክርስቲያን መልሶ ግንባታ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ። ቀጥሎ ግራ ገብቶኝ። በመጨረሻ ተናድጄ።

ላኩዊላን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ መጋቢት 28 ቀን 2001 ዓ.ም. «ከምሽቱ 3:32» ላይ ደረሰ ብላችኋል።

ቀኑን ከፈረንጁ ኤፕሪል 6 ቀን 2009 ወደ እኛው አስልታችሁ አመጣችሁት። ጎበዞች። ሰዓቱ ላይ ስትደርሱ ግን ደከማችሁ መሰለኝ፣ ፈረንጅ እንደጻፈው ትታችሁት «ምሽት» የምትል ቃል ለጠፋችሁበት። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:32 ነው። የአዲስ አበባውን እንንገር ካላችሁም 10:32 በሉ። 3:32 ግን ከየትም አይመጣም።

«ለአንዲት ቁጥር ነው ይህ ሁሉ?» እንደምትሉ ይገባኛል። ከምሽቱ 3:32 ሰው እራቱን በልቶ ቴሌቪዥን የሚያይበት፣ ልጆቹን «ተኙ» እያለ የሚጨቃጨቅበት ሰዓት ነው። ያኔ ቢሆን ስንቱ በእግሩ በወጣ። 309 ሰው የሞተው እኮ ብዙው ተኝቶ ስለነበር ነው። የተማሪዎች መኖሪያ ተደርምሶ ስምንት ልጆች የሞቱት በዚያ ሰዓት ነው። የእናንተን ዘገባ ያነበበ ሰው ግን «ምን ነካቸው፣ አይሮጡም ነበር?» ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውላ ያለችኝ ይህንኑ ነው።

ዋዜማው የእነሱ ሆሳዕና ነበር። ለእኛ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ቤቱ ተወዛወዘ። ከሌሊቱ 6:39 ላይ ደገመው። ከተማው ከወራት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ስለከረመ ብዙው ሰው ለምዶት ነበር። ከቀናት በፊትም አንድ ባለሥልጣን «አታስቡ» ብሎ ነበር፤ ነገሩ ኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የምጦራቸው ሲኞራ ግን የድሮ ሰው ናቸው። «ሁለቴ ከነቀነቀ አልጋ አይታመንም፣ ውረጂ» አሉኝ። በአንድ እግራቸው የቤት ጫማ፣ በሌላው የክረምት ቦቲ አድርገው፣ ካፖርታቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው ልጃቸው መኪና ውስጥ ተቀመጥን። እኔ እያጉረመረምኩ። እኚህ ሴትዮ በብርድ ሊገድሉኝ ነው እያልኩ። 9:32 ላይ መኪናዋ ከሥራችን ተነሣች። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት መውደቅ አላየሁም። አቧራውን ግን ዋጥኩት፣ እስከ ጠዋት አፌ ውስጥ ኖራ ኖራ ይል ነበር።

እንግዲህ ያቺን ሰዓት ነው ቴሌቪዥን ማያ ያደረጋችኋት።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልምጣ። «ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ከመሠረቱ የተገነባው የባሮክ ቤተ ክርስቲያን» ብላችኋል። አልፈረሰም። የወረደው በዋናነት ጉልላቱ ነው። የፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ያ እንደ ጥልፍ የተሠራው፣ ቆሞ ነበር። ጉልላቱ ደግሞ ባሮክ፣ ያ ጌጥ የሚበዛበት የድሮ አውሮፓ አሠራር፣ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ የተጀመረው በፈረንጁ 1713 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጁ ናቸው)፣ ጉልላቱን ግን አርክቴክቱ ጁሴፔ ቫላዲየር መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል የጨመረው ነው። ይህን ያስተማሩኝ ሲኞራ ናቸው፣ ሽንኩርት እየላጥኩ።

እዚህ ላይ ነው እናንተ ትልቁን ነገር የዘለላችሁት። ይህ ቤተ ክርስቲያን ራሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ልጅ ነው። በ1703 ፌብሩዋሪ 2 ቀን ላኩዊላ ተናውጣ ሰው በሺዎች አለቀ። ከዚያ በኋላ እንደ እኛ ዕድርና ማኅበር ያለ የምእመናን ማኅበር ተነሥቶ ለሞቱት ነፍስ የሚጸለይበት ቤት ሠራ። አኒሜ ሳንቴ ማለት ቅዱሳት ነፍሳት ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ተዝካር በሉት። የድንጋይ ተዝካር። ዛሬ ውስጡ ለ309ኙ መታሰቢያ የሚሆን ጸሎት ቤት አለ። ለሙታን የተሠራው ቤት ራሱ ቆስሎ፣ ድኖ፣ ሌሎች ሙታን ተቀበለ። ዘገባችሁ ይህን ሁሉ «ታሪካዊ ቅርስ» በሚሉ ሁለት ቃላት ጨረሰው።

«ከአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ በኋላ እኛም አፍርሶ በአዲስ መሥራትን እንልመድ» የምትለው ማጠቃለያችሁማ ታስቃለች። ላኩዊላ ላይ የተሠራው ተቃራኒው ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጀመሪያ የተረፈውን እንደ ቁስለኛ አሰሩት፣ ደገፉት። እንዲህ ያሉ አሮጌ ግድግዳዎች ውስጣቸው ኮረትና ጭቃ ስለሆነ ፈሳሽ ኖራ ይወጉባቸዋል። ግድግዳ ከግድግዳ እንዳይለያይ በብረት ያያይዙታል። የ1703 ትራፊ ግንበኞችም ይህን ያውቁ ነበር፣ ግድግዳ ውስጥ እንጨት እየቀበሩ ያያይዙ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደካማ ድንጋይ ላይ ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ የጫኑት ናቸው ብዙ ቦታ የባሰ ጉዳት ያመጡት። እንግዲህ ትምህርት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ።

«በአጭር ጊዜ ተጠናቀቀ» ላላችሁትም፣ የተከፈተው በዲሴምበር 2018 ነው። ከዘጠኝ ዓመት ተኩል በላይ። ያውም ወጪውን ከጣሊያን ጋር የተካፈለችው ፈረንሳይ ነች። በ2009 ጁላይ የቡድን 8 ጉባኤ እዚሁ ላኩዊላ ሲደረግ የተጎዱት ሕንጻዎች ዝርዝር እንደ ሰርግ ስጦታ ዝርዝር የሚያሠሩትን እንዲመርጡ ለመሪዎቹ ቀርቦ ነበር። አቶ መለስም መጥተው ነበር፣ እናንተው ናችሁ ያኔ የዘገባችሁት። እኛ ድንኳን ውስጥ ሆነን የሄሊኮፕተሩን ድምፅ እንሰማ ነበር። «ከተማዋ ሙሉ በሙሉ አገግማለች» ላላችሁት ደግሞ፣ በ2022 ሟቹ ጳጳስ ፍራንሲስ እዚያው ፒያሳ ዱዎሞ ላይ ያለውን ካቴድራል የጎበኙት የግንበኛ ሄልሜት አድርገው ነው። ፒያሳ የሚለውን ቃል መቼም ለእናንተ አልተረጉምም።

አሁን የራሴን ልናገር። «ጣሊያናውያን እንደ አንድ ሰው ቆመው» ብላችኋል። እኔም ቆሜ ነበር፣ ድንኳን ሰፈር፣ ለሻወር ወረፋ። ከፊቴ ሩማንያዊት፣ ከኋላዬ መቄዶንያዊ። ከ309ኙ ውስጥ ጣሊያናዊ ያልሆኑም አሉ። መልሶ ግንባታው ላይ ድንጋይ የተሸከመው እጅም ስንት አገር ነው! አንድ ቢሮ ለቤት ኪራይ ድጎማ ሄጄ «ስምሽ በቤቱ መዝገብ የለም» ተባልኩ። አምስት ዓመት የተኛሁበት ቤት ነው። ሲኞራ አብረውኝ ሄደው ጠረጴዛውን በከዘራቸው ደበደቡት፣ ምንም አልመጣም። ጣሊያኑ ጸሐፊ ቢረሳኝ አልገረምም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሲረሳኝ ግን ያበግናል። እዚህ ሐበሻ መኖሩን ለማወቅ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። አንድ ዶሮ ወጥ የሸተተውን ደረጃ ተከትሎ መውጣትም ይበቃል።

ሲኞራ መከፈቱን ሳያዩ በ2014 አረፉ። «ሲከፈት መጀመሪያ ቀና ብለሽ እዪ፣ ጉልላቱን በትክክል መልሰውት እንደሆነ» ብለውኝ ነበር። ገብቼ ቀና አልኩ። እኔ ምን አውቃለሁ? ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ብርሃን ይገባል። «መልሰውታል» አልኳቸው በልቤ፤ ብዋሽም አይሰሙኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሰዓቱን አርሙት። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ። በየዓመቱ መጋቢት 28 ከሌሊቱ 9:32 ላይ እዚህ ደወል 309 ጊዜ ይደወላል። ብርድ ነው፣ ካፖርት ያስፈልጋል። ዘጋቢያችሁ መምጣት ከፈለገ አደባባዩ ላይ ያገኘኛል። ከምሽቱ 3:32 ከመጣ ግን ጀላቶ ቤቱ ክፍት ስለሚሆን እዚያ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት ይጠብቀን።

አንባቢያችሁ፣
ከላኩዊላ