ስንዱዬ፣ ባልሽ ኦስካር ወስዷል

ስንዱዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እትዬ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ጠበል ለጠበል ነው? መጥፋቴን አውቃለሁ። "አሜሪካ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋበት ስልክ ቁጥር ነው" እያልሽ እንደምታሚኝም ደርሶኛል፤ ያቺ የአክስትሽ ልጅ አንዲት አላስቀረችም። በይ ይቅር በይኝና እንለፈው። የቀረውን ስድብ በስልክ ትጨርሺዋለሽ።

አሁን የምነግርሽም የምለምንሽም ነገር አለኝ። ከልመናው በፊት ግን ምሥራች አለ፦ ባልሽን አገኘሁት።

የልጆችሽን አባት ማለቴ አይደለም፤ እሱን አንቺው ያዢው። የመጀመሪያውን ነው የምልሽ፣ ቪዲዮ ቤት ያጨሽውን። ከኢንዲያና ጆንስ ኋላ ኋላ ሲሮጥ የነበረውን ባለ ኮፍያ ልጅ። እግሩ ፔዳል አልደርስ ብሎት ጫማው ሥር እንጨት አስሮ መኪና ሲያበር "ይሄን ነው የማገባው!" ብለሽ የጮኽሽው እኮ አንቺ ነሽ። ቤቱ በሙሉ ፊልሙን ትቶ ወደኛ ዞረ። ወንድምሽ በኩርኩም ሲያስወጣሽ እኔም መጨረሻውን ሳላይ ተከትዬሽ ወጣሁ፤ የዚያን ቀን መግቢያዬን እስካሁን አልከፈልሽኝም።

ስሙ ኪ ሁይ ኳን ነው። "ቻይናው" እያልን የጠራነው ልጅ ዘሩ ከቻይና ይሁን እንጂ የተወለደው ቬትናም፣ ሳይጎን ነው። በፈረንጆቹ 1971 ስለተወለደ በዕድሜ አትራራቁም፤ ችግሩ ሚስት አለችው። ኤኮ ትባላለች። ኋላ እመለስባታለሁ፤ የእሷን ነገር ከሰማሁ ወዲህ እኔም ቤት ያለውን ሰውዬ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ፊልም የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ እዚሁ የተወለደች፣ አንዴ "እርስዎ" አንዴ "አንተ" የምትለኝ፣ ግን ደፋር። ለመመረቂያዋ አጭር ፊልም ልትሠራ አማርኛ የምትናገር እናት ፈለገች። አብራኝ የምትሠራው ሮማን "እኔ አለሁ" ብላ ተነሣች፣ እኔን ደግሞ "ብቻዬን እፈራለሁ፣ ነይ" ብላ ጎተተችኝ። ፌርፋክስ ካሉት የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ባንዱ፣ ጓሮ ባለች ክፍል ነው የሞከሩት። ሮማን ወረቀቷን ይዛ ታነባለች፤ እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ አላስችል አለኝ። "ኧረ እንዲህ አትቆጫትም! እየተቀየመች እኮ ነው" እላለሁ። ቃል ስትስት እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። በመጨረሻ ልጅቷ ካሜራውን አጥፍታ ዞር አለችና "እስቲ አንተ ሞክር" አለችኝ።

ሞከርኩ። በማግስቱ ደውላ አንቺን ነው የምፈልገው አለች። ሮማን ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰላም ስትለኝ ጥርሷ አይታይም።

ይህን ለልጄ ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። "እማዬ፣ ይሄ እኮ የሾርት ራውንድ ታሪክ ነው!" አለችኝ። ሾርት ራውንድ ማለት ባልሽ የተጫወተው ልጅ ስም ነው። ለካ እሱም ለፈተና አልነበረም የሄደው። ለዚያ በ1984 ለወጣው ፊልም የሚሆን ልጅ ፍለጋ ሰዎቹ እዚሁ ቻይናታውን አንድ ትምህርት ቤት ገብተው ሲፈትኑ፣ እሱ ወንድሙን አጅቦ ነው የመጣው። ከካሜራው ኋላ ሆኖ ወንድሙን "እንዲህ በል፣ እንዲህ አድርግ" ሲል አዩትና እሱኑ አስቀመጡት። የፊልሙ ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ ዘንድ ሲጠራ እናቱ ሙሉ ሱፍ ከነሰደርያው፣ የወርቅ ሰንሰለት ጭምር አንጠልጥላበት ላከችው። ስፒልበርግ አይቶት፣ ነገ የሚመችህን ልብስ ለብሰህ ተመለስ አለው። እማዬ ለወላጆች በዓል ያሰፋችልኝ ያ ቬሎ መሳይ ቀሚስ ትዝ አለኝ። መድረክ ላይ ማን ረግጦት እንደወደቅኩ ዛሬ አናነሣም።

ቀረጻው ስሪላንካ ነበር። እዚያ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዋና ያስተማረው ኢንዲያና ጆንስን የሠራው ራሱ ሃሪሰን ፎርድ ነው። በዓመቱ ደግሞ "ዘ ጉኒስ" የሚባል የልጆች ፊልም ሠራ። ገና አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው በዓለም ታወቀ ማለት ነው።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ከዚህ ዘሎ ኦስካሩ ላይ ያርፋል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን መሐሉ ነው። ማታ ማታ የምጠብቃቸው ሽማግሌ ካንቀላፉ በኋላ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቃለ መጠይቁን ሁሉ ጨረስኩት። ልጁ አደገ፣ ስልኩ ዝም አለ። ያኔ ሆሊውድ ውስጥ የእስያ መልክ ላለው ሰው የሚሰጠው ሁለት መስመር ንግግር ነው፤ እሱንም ካገኘ። ሥራ ይቀልሃል ብለውት የፈረንጅ ስም ጨመረ፣ ጆናታን ተባለ። በ1992 "ኢንሲኖ ማን" የሚባል ፊልም ውስጥ ከብሬንዳን ፍሬዘር ጋር ታየ። ከዚያ በኋላ ይሄ ነው የሚባል ነገር አልመጣም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም ሥራ ተማረ፣ ከካሜራው ፊት ወደ ኋላው ዞረ። ኮሪ ዩን የሚባል የሆንግ ኮንግ የድብድብ አሠልጣኝ ጠራውና በ2000 በወጣው "ኤክስ ሜን" ላይ ሌሎቹ እንዴት እንደሚማቱ ሲያሳይ ሰነበተ። ዎንግ ካር ዋይ የሚባለው ትልቅ ዳይሬክተር ዘንድም ረዳት ሆኖ ሠርቷል። አልተራበም፣ ሥራም አልፈታም። ፊቱ ብቻ ነው የጠፋው፣ ሃያ ዓመት ገደማ።

ስንዱ፣ ይህቺን ነገር አንቺ ታውቂያታለሽ። በመጨረሻ የመጣሁ ጊዜ ተማሪዎችሽ ድራማ ሲያሳዩ ከመጋረጃው ጥግ ቆመሽ ነበር። እነሱ ሲናገሩ ከንፈርሽ አብሮ ሲሄድ አየሁሽ። ጠርቼ አንድ ነገር ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደምልሽ ጠፋኝና "ሻይ እንጠጣ" አልኩሽ።

ይሁን። ወደ ባልሽ።

በ2018 "ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ" የሚባለው ፊልም ሲወጣ፣ የእሱን መልክ የያዙ ሰዎች ስክሪኑን ሞልተው ሲያይ ሆዱ ባባ። ሃምሳ ሊሞላው ምን ቀረው? እንደገና ልሞክር ብሎ ተነሣ፣ የልደት ስሙንም መለሰ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ወጣት ዳይሬክተሮች "ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ" ለሚሉት ፊልም ፈተኑት። ውሉን የተዋዋለለት ጠበቃ ማን መሰለሽ? "ዘ ጉኒስ" ላይ አብሮት የነበረው ያ ወፍራሙ ልጅ፣ ጄፍ ኮኸን! አድጎ ጠበቃ ሆኗል።

ፊልሙን የግድ እይው። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባሻል፣ ታገሺው። የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላቸው ባልና ሚስት ግብር ቢሮ ተጠርተው ደረሰኝ ሲቆጠርባቸው ነው የሚጀምረው፤ ሚያዝያ ሲደርስ የኛም ቤት እንዲያው ነው። እሱ ለስላሳው ባል ነው። መነጽር ያደረገ፣ ኩኪስ ይዞ ሰው የሚለማመጥ። ድንገት የከንፈር ቅባት አውጥቶ ቆርጥሞ ይበላል። ከዚያ ወገቡ ላይ የታጠቃትን ቦርሳ ይፈታና በማንገቻዋ ይዞ ያሽከረክራታል፤ ጥበቃዎቹን አንድ በአንድ አነጠፋቸው! እኔ ይህን ቦታ እየመለስኩ ነው ያየሁት። ክንዱ አይቸኩልም። ቦርሳዋ ዞራ እጁ ላይ እስክትመለስ ዓይኑ ሌላ ሰው ላይ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ለሌላ ሰው ሲያሳይ የኖረውን ነው እዚያ ያወጣው፤ ያለ እነዚያ ዓመታት ይህቺን መጫወት አይችልም ነበር ባይ ነኝ። ልጄ "ስታንትማን አለ እኮ፣ በተዋናዩ ፈንታ የሚማታ" ትለኛለች፤ ትበል።

ቀረጻው አልቆ ፊልሙ ሳይወጣ ኮሮና ገባ። አንድም ሥራ አላገኘም። እዚህ የተዋንያን ኢንሹራንስ በዓመት ከሚሠሩት ገቢ ጋር የታሰረ ነው፤ ካልሠራሽ ይቋረጣል። የእሱና የሚስቱም ተቋረጠ። በኋላ ኦስካር የሚያስገኝለትን ሥራ ሠርቶ ጨርሶ፣ ሐኪም ቤት መሄጃ የለውም! ይህንን ስሰማ አጠገቤ የተኙትን ሽማግሌ ቀስቅሼ ልነግራቸው ምንም አልቀረኝም።

ኤኮ የምልሽ እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 2023፣ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ሽልማቱን ይዞ ሲያለቅስ፣ ከወር ወር ከዓመት ዓመት ለሃያ ዓመት "ቀንህ ይመጣል" ያለችኝ እሷ ናት ብሎ አመሰገናት። እናቱ ያኔ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር፣ ቤት ሆነው እያዩት ነበር፤ "እማዬ፣ ኦስካር አሸነፍኩ!" ብሎ ጮኸላቸው። ጉዞዬ በጀልባ ነው የጀመረው፣ አንድ ዓመት መጠለያ ካምፕ ነበርኩ አለ። ለካ በ1978 ከቬትናም ሲሸሹ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ እሱ ከአባቱና ከአንዳንድ እህት ወንድሞቹ ጋር ሆንግ ኮንግ፣ እናቱ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ማሌዥያ ገብተው ነበር። እዚህ ላይ አቆምኩት። ስለ ካርቱም አውርቼሽ አላውቅም፣ ዛሬም አላወራሽም፣ ብቻ ትንሽ ውኃ ጠጥቼ ነው የቀጠልኩት።

ማታው ሲያልቅ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ሊጠራ የወጣው ማን ነው? ሃሪሰን ፎርድ። የጠራውም የነሱን ፊልም ነው። መድረክ ላይ ሲተቃቀፉ ብታዪ! በዚያው ሌሊት ብሬንዳን ፍሬዘርም የዋና ተዋናይነቱን ወሰደ፤ እሱም ብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማር ሆነ እንዳልልሽ፣ በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ሆኖ የሠራውን "ላቭ ኸርትስ" ተቺዎቹ አልራሩለትም። እኔም አይቼዋለሁ፣ እነሱ ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ እኔ ቤት። ባለቤቴ ስነግረው "ስንት ይከፍላሉ?" አለ። አይከፍሉም፣ ምሳ አለ አልኩት። ዝም አለ። በኋላ ወረቀቱን አንሥቶ "በይ የልጅቷን እኔ ላንብብልሽ" አለኝ። ኤኮን አስቤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን ስንዱዬ፣ አልዋሽሽም፣ ሲያነብ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው! የሃያ ዓመቷ ልጅ "እማዬ ደክሞኛል" ስትል መንደሩ በሙሉ ለቀብር ይወጣል።

ያስጨነቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጋሽ ኃይሉ "የመጨረሻው ወንበር ይስማ!" እያሉ ያሳደጉት ድምፅ አልወርድ አለኝ። ልጅቷ የቀረጸችውን አሳየችኝ። "ቡናሽ ቀዘቀዘ" ነው የምለው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንገቴ ተገትሯል፣ ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጥቷል፣ ቡናው የቀዘቀዘ ሳይሆን ቤቱ የተቃጠለ ነው የሚመስለው። ካሜራው እዚህ አፍንጫዬ ሥር ነው ያለው፤ ለሱ ማሰብ ብቻ ይበቃዋል አለችኝ። እንዴት ነው ሰው ለካሜራ የሚያስበው? ጮክ ሳትዪ አዳራሹን ጸጥ የምታደርጊው አንቺ ነበርሽ። እኔ ሁልጊዜ ጯሂዋ ነኝ። ይህ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ልቤ የገባሽው አንቺ ነሽ፣ ላንቺ ነበር የሚገባው፣ እና ደብዳቤውን እየጀመርኩ ያጠፋሁትም... እንጃ። ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ደስ ባይልሽም አልቀየምሽም።

ለማንኛውም ልመናው ይኸውልሽ። ቀረጻው ቅዳሜ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት እደውልልሻለሁ፤ እናንተ ጋ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ልጆቹን ከመሸኘትሽ በፊት። የልጅቷን ቃል አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ የእናትየዋን። ድምፄ ከፍ ሲል እንደ ድሮው ቆንጥጪኝ ማለት አልችልም፣ ስለዚህ ብቻ "ገኒ" በይኝ፣ ይገባኛል። ቪዲዮውን ክፈቺው፣ ኔትወርክ የለም እንዳትዪኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ምንም ሳይናገሩ የሚቀመጡበት ቦታ አለ፤ እሱን አትዝለይው፣ ያቃተኝ እሱ ነው።

ስልኩን ካላነሣሽ ባለቤቴ ነው የሚያነብልኝ።

ገኒ