ጓሮው ሲሚንቶ እንዳይለብስ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የሐዋሳ ሙቀት ለጉልበትዎ ተስማምቶት ያለ ምርኩዝ እስከ ሐይቁ ዳር መሄድ መጀመርዎን እማዬ ነግራኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኛ በዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ ያነሡልኝን የጓሮውን ጉዳይ እንዲሁ በቃል መልሼ ላልፈው አልፈለግሁም። ከጎናችን የሚሠራው ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ከደረሰ ወዲህ፣ «ከእንግዲህ እዚያ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ የለም፤ ሰው ሁሉ ከላይ ያየናል፤ ስለዚህ ኮኩና ጌሾው ተቆርጦ መሬቱ ሲሚንቶ ይልበስ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ተሠርቶ ይከራይ» ብለውኛል። የኪራዩ ገንዘብ ቀላል እንዳልሆነ፣ በዚህ ሰፈር ለአንዲት ጠባብ ክፍል ምን ያህል እንደሚጠየቅ አላጣሁትም። ቢሆንም ሐሳብዎን እንደገና እንዲያጤኑት እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱም ጓሮው ያጣው መከለያውን ብቻ ነው፤ መከለያ ደግሞ ክፍል ከማሠራት በጣም ባነሰ ወጪ ሊመለስ ይችላል።

ቀድሞ ያቀረቡልኝ መላ ግንቡን በቆርቆሮ ማስረዘም ነበር። ነገር ግን ግንብ ከአጥር ማዶ በእግሩ የሚያልፈውን ሰው ይከልላል እንጂ ከፎቅ ቁልቁል የሚያየውን አይከልልም። ይከልል ከተባለ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ያን ያህል ከፍ ካለ ደግሞ የጠዋቱን ፀሐይ ያስቀርብንና ከሥሩ ያለው ተክል ሁሉ ይቀጭጫል። ከዝናብ የምንጠለለው ሰማዩን ሸፍነን ሳይሆን ከራሳችን በላይ ጃንጥላ ዘርግተን እንደሆነ ሁሉ፣ መከለያም ለተቀማጩ በቀረበ መጠን ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። ስለዚህ ያሰብሁት ጓሮውን በሙሉ መሸሸግ አይደለም፤ ከጀርባ ግንቡ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ዙሪያ አራት ወፈር ያሉ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች አቁሞ፣ ከላይ ሽቦ ወጥሮ፣ ሐረግ ማልበስ ነው። ሐረጉ ከተንሰራፋ በኋላ ከአምስተኛው ፎቅ መስኮት የሚታየው ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ከሥር የተቀመጠው ሰው ግን በቅጠሎቹ መካከል ብርሃኑንም ሰማዩንም አያጣም።

ለዚህ ብዙ ሰው የመከረኝ ቦገንቪላን ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ድርቅ ይችላል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። እኔ ግን ለመንገድ ዳር አጥር እንጂ ከሰው ራስ በላይ አልወደውም፤ እሾህ አለው፣ መዓዛ የለውም። የእኔ ምርጫ ጠምበለል ነው። በደጋው ጫካችን በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ የራሳችን ተክል ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችውን የከተማችንን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ከውጭ አገር ከሚመጡት አበቦች ይልቅ ይችለዋል። አንዲት ጎረቤታችን ቀንበጥ ቆርጣ ሰጥታኝ ይህን ስጽፍልዎ ጠረጴዛው ላይ በውሃ ብርጭቆ ከፊቴ ቆሟል። የፈነዳው አበባ ንጹሕ ነጭ ነው፤ ገና ያልተከፈተው እምቡጥ ግን ከውጭ በኩል ቀላ ይላል፣ ጠዋት ሽታው እምብዛም ሳይታወቀኝ ቆይቶ አሁን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ክፍሉን ሞልቶታል።

ሌላው ነገር መሬቱን ሁሉ በአንድ እይታ አለማሳየት ነው። ጓሮአችን ጠባብና ረጅም ስለሆነ ከማድ ቤቱ በር የቆመ ሰው እስከ ጀርባ ግንቡ ያለውን በሙሉ ያየዋል፤ ትንሽ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሄጃው ኮኩን ዞሮ እንዲያልፍ ቢደረግና መታጠፊያው ላይ ያለው ጌሾ ሳይቆረጥ በቁመቱ እንዲያድግ ቢተው፣ ወንበሩ ከበሩ አይታይም፤ ወደዚያ የሚሄደውም የፈለገ ሰው ብቻ ይሆናል። እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ሲሲንግኸርስት የሚባል የታወቀ የአትክልት ስፍራ አለ። ቪታ ሳክቪል ዌስት የተባለች ሴትና ባሏ ሃሮልድ ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1930 የፈራረሰ አሮጌ ግቢ ገዝተው ያለሙት ነው። ባልየው ቀጥ ቀጥ ያሉትን መተላለፊያዎችና አጥሮች ነደፈ፤ ሚስቲቱ ደግሞ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ አበባ ሞላችበት። ግቢውን በግንብና በተከረከመ ቁጥቋጦ እየከፋፈሉ ጣሪያ የሌላቸው ክፍሎች ስላደረጉት፣ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያልፍ ቀጥሎ ምን እንዳለ አያውቅም። የእነርሱ መሬት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ የሥራ ክፍፍላቸው ግን የእርስዎንና የእማዬን አስታወሰኝ። እርስዎ በሲባጎ እየለኩ ያሰመሩትን መደብ እሷ በጤና አዳምና በአሪቲ ስታፈርስብዎ ስንት ጊዜ ተቆጥተዋል!

ቦታ ጠበበን ለሚል ደግሞ የስፔኗ ኮርዶባ አለችለት። በዚያ ቤቶቹ መሐላቸው ላይ በግድግዳ የታጠረ ትንሽ ግቢ አላቸው፤ ሰዎቹ መሬት ሲያልቅባቸው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በአበባ ማሰሮ ይሸፍኑታል፣ ከፍ ብለው የተሰቀሉትንም በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ቆርቆሮ አስረው ያጠጣሉ። በየግንቦቱ በራቸውን ከፍተው ግቢያቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ዩኔስኮም ይህንን በዓላቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እኛ በር የመክፈቱ ነገር ይቅርብን እንጂ፣ የባዶ ዘይት ጣሳ በሞላበት ቤት ግንብ ላይ አበባ መስቀል አያቅተንም።

አዲስ አበባም ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢ ይዘው የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ በፒያሳ ዙሪያ የቀሩት ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤቶችም ከአጥራቸው በስተጀርባ ምን እንደያዙ ከመንገድ አይታወቅም። እርስዎም የስድስት ኪሎውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያስታውሳሉ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ቢሆን፣ ተማሪው ከሚተራመስበት ፈንጠር ብሎ ከዛፎቹ ሥር ዘወር የሚባልበት ጥግ አልጠፋም። ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ሰፍቶ የእግረኛው መሄጃ በመብራትና በአትክልት አጊጧል፤ ወዳጅነት ፓርክም ቅርባችን ነው። ምሽት ላይ ልጆቹን ይዤ ስወጣ ደስ ይለኛል፤ አልክድም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ግን ለማየትና ለመታየት፣ ፎቶግራፍም ለመነሣት ነው። ባልና ሚስት አፍ ሳይከፍቱ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ስፍራ ከቤት ውጭ ሊገኝ አይችልም የሚል እምነት አለኝ፤ ምናልባት የቤተ ክርስቲያን አጸድ ካልሆነ በስተቀር።

እርስዎና እማዬ ጓሮው ውስጥ የምትቀመጡት ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ስለነበረ፣ ተክሉንም ስመርጥ ምሽቱን አስቤ ነው። ቀይ አበባ ሲመሽ ቶሎ ይጠቁራል፤ ነጭ አበባ ግን የቀረችውን ጥቂት ብርሃን ስለሚመልስ ጨለማው ከወረደ በኋላም ይታያል። ስለዚህ ከወንበሩ አጠገብ ነጭ ጽጌረዳ፣ በግንቡ ላይ ደግሞ ቀጋ እተክላለሁ፤ ቀጋ አበባው ነጭና ባለ መዓዛ፣ ፍሬው የሚበላ፣ እሾሁም ለሌባ የሚበቃ ነው። በመሄጃው ግራና ቀኝ ልብስ ሲነካው የሚሸት ጠጅ ሣር ይሆናል። የእማዬ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና በሶብላ ካሉበት አይነሡም፤ ብነካቸው ከሐዋሳ ድረስ ትመጣብኛለች።

ፏፏቴ ይሠራ የሚል ሐሳብ የሰጠኝም አለ። እኔ አልተቀበልሁትም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሞተር የሚዞር ውሃ ማየት ያሳፍራል፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይቆማል። ከዚያ ይልቅ ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ በአሮጌው የጠላ ጋን አጠራቅሜ፣ በአጠገቡ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ላይ ለወፎች ትንሽ ውሃ አኖራለሁ። ጋኑ የወባ ትንኝ ባያመጣብንም ሌላ ተባይ እንዳይራባበት በወንፊት ሽቦ ይከደናል።

ስለ ሲሚንቶው ደግሞ ለብቻው የምለው አለኝ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ የአካባቢው ውሃ በየት እንደሚያልፍ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ዛሬ አብዛኛውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ መሬቱ በሙሉ ከተለሰነ ግን ውሃው መሄጃ ስለማያገኝ ወደ ማድ ቤቱ ደፍ ይመለሳል። ጭቃው እግርዎን እንዳያንሸራትትዎት የፈሩት ፍርሃት ግን ትክክል ነው። ለዚህ መሄጃው ላይ ብቻ ሻካራ የሆነ ጥርብ ድንጋይ በአሸዋ ላይ ይነጠፋል፤ ስፋቱም ሁለት ሰው ክንድ ለክንድ ተያይዞ የሚያልፍበት ይሆናል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ በእጅ የሚያዝ እንጨት ይቆማል። ደረጃ አንድም አይኖርም።

አባባ፣ ይህን የምለው አትክልት ስለምወድ ብቻ እንዳይመስልዎት። ልጆች ሳለን ማታ ከተኛን በኋላ እናንተ ሁለታችሁ የተረፈውን ቡና ይዛችሁ ወደ ጓሮ ስትወጡ በመስኮት እንሰማችሁ ነበር። የምታወሩት አይሰማንም፤ የእማዬን ሳቅ ግን እንሰማለን። ቀን በሰው ፊት «አንቺ» እና «እርስዎ» ተባብላችሁ ስለ ዕቁብና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ የምትነጋገሩ ሰዎች እዚያ ሌላ ሰው ትሆኑ ነበር። ይህን በማንሣቴ ይቈጡኝ ይሆናል፤ ግድ የለም። ወንበሩን ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ አድርጌ የማሠራው ሆን ብዬ ነው፤ እንግዳ ከመጣ በረንዳው ይበቃዋል፣ የልጅ ልጆችዎም የራሳቸውን ቦታ ይፈልጉ።

የኪራዩ ገቢ የግድ ከሆነ፣ ወንድሜ ትዳር ይዞ ሲወጣ የለቀቀው የፊት ለፊቱ ክፍል የራሱ በር ስላለው ያንን እናከራየው። የሚገኘው ከሁለት ክፍል ያንሳል፤ ግንባታ ግን አይጠይቅም፣ ዕዳም አያስገባንም።

አሁን የቀረው ሥራው ዝናቡ ሳይጠና በሰኔ መጀመሪያ እንዲጀመር የእርስዎ ፈቃድ ነው። ቋሚዎቹን የሚያቆምልኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ችግኞቹንም አዝዣለሁ። የኮኩን ነገር ግን ያለ እርስዎ አልወስንም፤ ግንዱ በአንድ ወገን ተቦርቡሮ ሙጫ እያወጣ ነው፣ ዘንድሮ ፍሬ የያዘው ወደ ማድ ቤቱ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ብቻ ነው። የደረቀውን ወገን ገርዤ ልተወው ወይስ ነቅዬ በቦታው አዲስ ልትከል? የመግረዣ መቀሱንም ከየት እንዳኖሩት ይንገሩኝ፤ በሣጥኑ ውስጥ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። እማዬን በጉንጯ ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ