ለስቴንስል ፎቶ ስብስባችን አባላት

ሰላም ጓዶች፣ የላካችኋቸውን የስቴንስል (በተቆረጠ ወረቀት ቅርጽ ላይ ቀለም ተረጭቶ የሚሰራ የግድግዳ ስዕል) ፎቶዎች እያየሁ ነው፣ በጣም ደስ ይላሉ፣ ግን እባካችሁ ክሮፕ አታድርጓቸው፣ ማለትም ዙሪያቸውን አትቁረጡ፣ ግድግዳውን ከነ በሩ፣ ከነ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ አንሱት፣ ስትሪት አርት (የመንገድ ላይ ስዕል) ከሰፈሩ ከተነጠለ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ቦታና ቀንም ጻፉበት፤ አውስትራሊያ ሜልቦርን ውስጥ ሆዚየር ሌን በሚባል መንገድ የነበረችውን፣ የእንግሊዛዊውን የስቴንስል ሰዓሊ የባንክሲን ባለፓራሹት አይጥ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 የጽዳት ሰራተኞች ቀለም ቀብተው አጠፏት፣ አሁን ያለው ፎቶዋ ብቻ ነው።

ደሞ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ስቴንስል ጠጋ ብላችሁ አንሱልኝ። "መ" ሲቆረጥ የሁለቱ ክቦች መሀል ወድቆ እንዳይቀር ቀጭን ማያያዣ ይተዉለታል፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው፣ የቆራጩ እጅ እዛ ላይ ይታወቃል። የሰሪውን ስም ሳናስፈቅድ አንለጥፍም፣ ሲረጭ ፊቱ የሚታይ ፎቶም አናወጣም፣ በዚህ አልደራደርም። እስከ አርብ ላኩልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እንመርጣለን።