በተራራ ሩጫ ማስታወቂያ ላይ ዳገቱም ይጻፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

የተራራ ሩጫ ማስታወቂያ ሲወጣ ርቀቱ በትልቁ ይጻፋል፤ የመመዝገቢያው ዋጋና የቲሸርቱ ቀለም ሳይቀር ይነገራል። ስንት ሜትር ሽቅብ እንደሚወጣ፣ አፈሩ ምን እንደሆነ፣ መንገዱ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ማለትም የዘገየ ሯጭ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ግን የለም። ለአስፋልት ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ይበቃ ይሆናል። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ አድርጎ ወደ ጮቄ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ ትንሹን የሚነግረው እሱ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በተራራ ሩጫ 100 ሜትር ሽቅብ እንደ 1 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይቆጠራል። 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ያለው ውድድር 12 ሲደመር 9፣ 21 ይሆናል፤ ግማሽ ማራቶን ማለት ነው። ጀማሪው ግን የተዘጋጀው ለ12 ነው።

ቁልቁለቱ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ እሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሲወረድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ስለሚገታ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ፈተና ይሆናል። እግርም ወደ ጫማው ጫፍ እየተንሸራተተ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። መድኃኒቱ ብዙ ሰው ባዶ የሚተዋትን፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለችውን የመጨረሻ ቀዳዳ ተጠቅሞ ማሰሪያውን ማጥበቅ፣ ጥፍርንም ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠብቀዋል፤ ሲመለስ ያንኑ በሙቀት ይወጣዋል።

«የደጋ ልጅ አየር አያጥረውም» የሚባለው ግማሹ ኩራት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ ግን ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ በለመዱት ፍጥነት የጀመረ ሰው የውርጭ ተክሎቹ ጓሳና ጅብራ የሚታዩበት ከፍታ ላይ ሲደርስ እግሩ ሳይደክም ትንፋሹ ያልቅበታል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከታየ ሰውየው በሰው ተደግፎ ወዲያው ይውረድ። ብርዱም አለ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በላብ የራሰ የጥጥ ቲሸርት እዚያ ንፋስ ላይ ልብስ አይባልም። ተጣጥፎ ወገብ ላይ የሚታሰር የዝናብ ጃኬት ይያዝ።

አፈሩን በተመለከተ፣ ዋልካን፣ ያንን ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ የረገጠ ያውቀዋል። ሲረጥብ ከሶሉ ሥር ይለጠፍና በየእርምጃው ይደራረባል። በሶሉ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ሲሞላ ሶሉ እንደ ምጣድ ለስልሶ መያዙን ይተዋል፤ ጫማውም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ለዚህ የሚሆነው ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነና ጥርሶቹ የተራራቁ ጫማ ነው፤ ጭቃው በሩጫው ራሱ ይረግፋል። ጥርሱ የተጠጋጋው ግን በእንጨት ካልተፋቀ አይለቅም። የኳስ ታኬታ አድርገው የሚመጡም አሉ፤ ጭቃው ላይ ደግ ነው፣ የመጀመሪያው እርጥብ አለት ላይ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በበጋ ደግሞ ያው ዋልካ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ሣር ሲሸፍነው ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። በክረምት ማሳው ሁሉ የተዘራ ስለሆነ መንገዱ በድንበር ካልሆነ በቀር አይሄድም፤ ጤፍ የረገጠ ሯጭ ከገበሬው ጋር የሚያስታርቀው ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

ምልክቱ ሪባን ከሆነ የሚታሰረው በውድድሩ ጠዋት ነው፤ ከዋዜማው የታሰረውን ፍየልም ሕፃንም አይምረውም። መንታ መንገድ ላይ ሦስት ሪባን ይታሰር፤ 50 ሜትር አለፍ ብሎም ሯጩ አለመሳሳቱን የሚያረጋግጥበት አንድ ይጨመር። በኖራ መሬት ላይ የተሰመረ ቀስት አንድ ዶፍ ይበቃዋል። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ የሚሄድ ሰው መመደብና በየጣቢያው ቁጥር መመዝገብም ግዴታ ነው፤ አለዚያ ተራራ ላይ የቀረ ሰው መኖሩ የሚታወቀው ቤተሰቡ ሲደውል ነው።

መብረቅ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ ጫፉ ላይ እስከ 5 ሰዓት ያልደረሰ እንዲመለስ መወሰን አለበት፤ ይህም ሰዓት ሰው ሳይመዘገብ አስቀድሞ ይታወቅ።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲቀበል አዘጋጆቹን አምስት ነገር ይጠይቅልን፦ ጠቅላላ ዳገቱን፣ ከፍተኛውን ከፍታ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የሚሻገሩትን ወንዝና መንገዱ የሚዘጋበትን ሰዓት። ቦታ ከጠበበ የቲሸርቱ ቀለም ይውጣ።

የአንድ ሩጫ ክበብ አባላት
ደብረ ማርቆስ