አተሙን ከቺፑ ማገናኘት ነው ከባዱ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር የምታወጡትን አነባለሁ ግን ሁሌ የምታወሩት ስለ ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ) ብዛት ብቻ ነው፣ እርስ በርስ እንዴት ነው የሚገናኙት የሚለውን ማን ይጻፍልን? ሩቢዲየምን ውሰዱ፣ አተሙ እንደ ኪዩቢት የሚያገለግል ንጥረ ነገር ነው፣ አንዱ አተም ከሌላው በምንም አይለይም (ፋብሪካ አልሰራውማ!)፣ በሌዘር ይቀዘቅዝና በብርሃን ወረንጦ ይያዛል፣ አርተር አሽኪን እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለመበት ኦፕቲካል ትዊዘር የሚሉት ማለት ነው። ችግሩ አንዲት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በአጠገቡ ብታልፍ አብዛኛውን ጊዜ ሳትነካው ነው የምትሄደው። ለዛ ነው ብርሃንን በጣም ጠባብ ቦታ ላይ አፍኖ የሚይዝ የናኖ (እጅግ ጥቃቅን) መሳሪያ ቺፕ ላይ ሰርተው አተሙን ከሱ ገጽ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ድረስ የሚያስጠጉት፣ ፎቶኗ እዛ ውስጥ ደጋግማ ስትመላለስ ከአተሙ ጋር የመገናኘት እድሏ በጣም ይጨምራል። ሲወራ ቀላል ነው፣ ግን በጣም ካስጠጉት ገጹ ራሱ ይስበውና ይለጠፋል፣ ካራቁት ደሞ የታፈነው ብርሃን አይደርሰውም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ቁጥሩ አይደለም። እና እባካችሁ በሚቀጥለው ስለዚህም ጻፉ፣ ፎቶኗ በፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ወጥታ አተሙን ሌላ ቺፕ ላይ ካለ አተም ጋር የምታገናኘው በዚህ በኩል ነው።

ከአንባቢያችሁ አንዱ