ለምን ትምህርት ቤት እንደቀየርኩሽ

የኔ ልጅ፣

ትናንት ማታ በርሽን ዘግተሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ገብቼ ላባብልሽ ፈልጌ ነበር፤ ቃል አጣሁ። ስጽፍ ይሻለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶሻል፣ ምክንያቱን ልትሰሚ ይገባል።

ከሱቁ ልጀምር። ባለፈው ወር ዳቦና ወተት ልንገዛ ስንሄድ ባለሱቁ "ሰባ አምስት ብር" አለሽ። ወደ እኔ ዞር ብለሽ "ማሚ፣ ሰባ ማለት ሰቨንቲ ነው?" ብለሽ አንሾካሾክሽ። ሰውየው ሰምቶ ሳቀ። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ ስሙ ይመዘገባል። ይህን እያወቅኩ ነው በየተርሙ የምከፍለው። እንግሊዝኛ ያስፈልግሻል፣ ጎበዝም ነሽ፣ በዚህ ደስ ይለኛል። ግን እማማ ተረት ስትነግርሽ ግማሹ ያመልጥሻል። እሷም ያንቺን ወሬ ሳትሰማው "እሺ፣ እሺ" ትላለች። አሜሪካ ያለችው አክስትሽ ልጆቿን ፊደል ለማስቆጠር ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ታመላልሳለች። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጬ ልጄ በቋንቋዋ እንድታፍር ገንዘብ እከፍላለሁ።

ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው የሳይንስ ፕሮጀክቱ ነው።

ትዝ ይልሻል? ፕላኔቶቹን በብርቱካንና በሎሚ ልትሠሪ አስበሽ ነበር። ምድርን የሚያህል ሎሚ ለመምረጥ ዘንቢሉን ሙሉ ዘርግፈሽ ወለሉ ላይ ተቀመጥሽ። እኔ "ይሄ ማርክ አያመጣም" አልኩሽ። ፕሮጀክት የሚሠራ ልጅ ጋ ሄጄ፣ መብራት ያለው፣ የሚሽከረከር ሞዴል ገዛሁልሽ። የሁሉም ወላጅ እንደዚያ ነበር ያደረገው። አሥር ከአሥር አገኘሽ። መኪና ውስጥ "ማሚ፣ እኔ እኮ አልሠራሁትም" ስትይኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።

ይቅርታ አድርጊልኝ።

በኔ ጊዜ ሲቪክስ የሚባል ትምህርት ነበር። አሥራ አንድ እሴቶች እንሸመድድ ነበር፦ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ የሥራ ወዳድነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ… እስከ ዛሬ በቃሌ ናቸው። እነዚያን እሴቶች የተጠየቅንበትን ፈተና ግን ግማሽ ክፍሉ ተኮራርጆ ነው የሠራው። እኔም ወረቀቴን ለጎኔ ልጅ ገልጬ ነበር። ያኔ ጓደኝነት ይመስለኝ ነበር።

የአጎትሽን ልጅም ታውቂዋለሽ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የደረጃ ተማሪ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ያለ ስልክ እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱም አላለፈም። የወደቀው ሁሉ ኮራጅ ነበር ማለቴ አይደለም። መጽሐፍም ደህና መምህርም ሳያገኝ የተፈተነ ስንት ልጅ አለ። የኛ ልጅ ግን ሁሉ ነበረው። ውጤቱን ያየ ቀን "እኔ ምንም አላውቅም ማለት ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጣሁ። ያን ቀን ያንቺ ሞዴል መጣብኝ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሕንፃው አያምርም፣ ሰርቪስም የለውም፤ በእግርሽ ነው የምትሄጂው። ስጎበኘው ግን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለትንንሾቹ ክፍልፋይ ታስረዳ ነበር። በአማርኛ ጀመረች፣ በእንግሊዝኛ ደገመችው። ማንም አላዘዛትም። አያትሽም የኔታ ዘንድ ሲማር ቀድሞ ያወቀው ነበር ኋላ የመጣውን የሚያስቆጥረው። አለንጋው ይቅርብንና ይህቺን ነገር ላንቺ እፈልጋታለሁ። እዚያ ፕሮጀክት ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከቤት ተሠርቶ የመጣ አይቀበሉም። መጀመሪያ ላይ ማርክሽ ሊወርድ ይችላል። ስድስት ይዘሽ ብትመጪም አልቆጣም፤ ቃሌ ነው።

ጓደኞችሽ እንደሚናፍቁሽ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣሉ፣ እናቶቻቸውን አነጋግሬያለሁ።

ያ ሞዴል እስካሁን ቁምሳጥኑ ላይ አለ። የዚህን ቅዳሜ አውርደን እንፈታታዋለን። ብርቱካኑን እኔ እገዛለሁ፣ ሎሚውን አንቺ ትመርጫለሽ።

እናትሽ