ሆዴ ስለተሰፋበት ክር

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስልኩን የዘጋሽበት አኳኋን እንቅልፍ ነሳኝ። ሦስት ሳምንት የለፋሽበት ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፕላስቲክ እንደ ስስ ፊልም ይዘረጋል ስትይ እንደ ጠመኔ ተፈረፈረ፤ አማካሪሽም «ድገሚው» ብሎሽ ሄደ። ለምን እንደተፈረፈረ ሳይታወቅ መድገም ምን ይፈይዳል? እስቲ እኔ የመሰለኝን ልንገርሽ።

የሰንሰለቶቹን ክብደት (የርዝመታቸውን መለኪያ) 100,000 ግራም በሞል ጠብቀሽ 8,000 ካገኘሽ እኔ የምጠረጥረው ውሃን ነው። የመነሻው ሞለኪውል የላክታይድ ቀለበት እየተከፈተ አንዱ ካንዱ ሲቀጣጠል፣ እያንዳንዱ ሰንሰለት የሚጀምርበት አንድ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይፈልጋል። ለክተሽ የጨመርሽው አልኮል ለዚህ ነው። ሳትጠሪው የገባ ውሃም ልክ እንደ አልኮሉ ሰንሰለት ያስጀምራል። ጀማሪው በበዛ ቁጥር ያው 10 ግራም ላክታይድ ለብዙ ይከፋፈልና ሁሉም አጭር ሆኖ ይቀራል። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት፤ ወደ 8,000 ለመውረድ 20 ሚሊግራም ገደማ ውሃ በቂሽ ነው። የአንድ ጠብታ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

በመጀመሪያ ግን ኤንኤምአሩን፣ ሞለኪውሉ በማግኔት ውስጥ የሚሰጠውን የጫፎች ሥዕል፣ እዪ። 5.0 አካባቢ ያለው የላክታይድ ጫፍ ወደ ሰንሰለቱ ጫፍ፣ ወደ 5.2፣ ካልተሻገረ፣ ጥፋቱ ቶሎ ማቆምሽ ነው እንጂ ውሃው ላይሆን ይችላል። ተሻግሮ ካለቀ ግን ላክታይዱን ከደረቅ ቶሉይን ሁለቴ ክሪስታል አድርገሽ አጥሪው፣ ቫክዩም ላይ አሳድሪው። ብልቃጡን ከምድጃ ትኩሱን አውጥተሽ ናይትሮጅን እያስገባሽበት አቀዝቅዢው። አፋጣኙን ቲን ኦክቶዌትንም ጠርጥሪ፤ ሁሉም የሚጠቀምበት ጠርሙስ ክዳኑን በደንብ የሚዘጋለት የለውም።

ውሃን ግን አብዝተሽ አትጥዪው። አንቺ የተወለድሽው በቀዶ ሕክምና ነው። ማህፀኔ የተሰፋው ቪክሪል በሚባል ክር ነበር፤ 90 በመቶ ግላይኮላይድ፣ 10 በመቶ ላክታይድ። ዛሬ ብልቃጥሽ ውስጥ ካለው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ሐኪሙ «ክሩ ራሱ ይሟሟል፣ ለማስወጣት አትመጪም» ሲለኝ፣ እዚያው ተኝቼ ላርመው ቃጥቶኝ ነበር። ስኳር ይሟሟል፤ ውሃውን ብታተኚው ስኳሩ ተመልሶ ይገኛል። ክሩ ግን ሰንሰለቱን የሚያያይዘውን የኤስተር ትስስር ውሃ አንድ በአንድ ስለሚቆርጠው አይመለስም፤ የሚቀረው ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ ነው፤ እሱንም ሰውነት እንደራሱ ነገር አድርጎ ያቃጥለዋል። በሦስት ሳምንት ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፣ በሁለት ወር ገደማ ደብዛው ይጠፋል። እሱ ባለቀበት ሰሞን አንቺ ፈገግ ማለት ጀምረሽ ነበር።

እንግዲህ አየሽ፣ ብልቃጥሽ ውስጥ ሥራሽን ያበላሸብሽ ውሃ ሆዴ ውስጥ ሥራውን የጨረሰልኝ ነው። የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያሉ ፖሊኤስተሮችን ሠርተው፣ በትንሽ ሙቀት ስለሚቀልጡና ውሃ ስለማይችሉ ለጨርቅ አይሆኑም ብለው ትተዋቸዋል። ወደ ሌላ ዓይነት ሰንሰለት፣ ወደ ፖሊአማይድ፣ ዞረውም በ1935 ናይለንን አገኙ። ለልብስ ነውር የሆነው መፍረስ ለቁስል ሙያ መሆኑ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተሠራው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የሚጠፋ ክር ገበያ የወጣው በ1970 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የሚጠፋ ክር ሲፈልጉ የሚሰፉት ከበግና ከከብት አንጀት በተሠራ ክር ነበር። እሱ የሚፈርሰው በኢንዛይም ስለሆነ አንዱ ሰው ላይ ቶሎ፣ ሌላው ላይ ዘግይቶ ይበጠሳል። ውሃ ግን ሁሉም ሰው ውስጥ አለ።

ከፕላስቲኩ የአጥንት ብሎን ለመሥራት ነው ያሰባችሁት ስላልሽኝ አንድ ነገር ልጨምር። በወጣትነቴ ከኤልና ከዲ (አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ከሆኑት) ቅልቅል ላክታይድ ወፍራም ቁራጮች አዘጋጅቼ 37 ዲግሪ ባፈር (አሲድነቱ ብዙ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ውስጥ አስቀምጬ ነበር። በየሳምንቱ እያወጣሁ አያለሁ፤ ቅርጻቸው እንዳለ ነው፣ ጠርዛቸው አልተሸረፈም። ደስ ብሎኝ ለስብሰባ ስላይድ ሁሉ አዘጋጀሁ። አንዱን በምላጭ ስቆርጠው ከውስጡ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ፈሰሰ፤ እጄ ላይ የቀረው ቅርፊት ብቻ ነው። ውጭ ላይ የሚፈጠረው አሲድ ወደ ባፈሩ ያመልጣል፣ መሃል ያለው ግን መውጫ አጥቶ የገዛ ሰንሰለቱን መብላት ይቀጥላል። ስለዚህ ወፍራሙ ከቀጭኑ ቀድሞ ይፈርሳል። ማን ይገምታል? ኤል ብቻውን ከሆነ ክሪስታል ስለሚሠራ ዓመታት ይቆያል፤ ቢሆንም ብሎኑን ከውጭ አይተሽ አትመኚው፣ ቆርጠሽ እዪው።

የተፈረፈረውንም አትጣይው። ስሙንና ቀኑን ጽፈሽበት ከአዲሱ ጎን እዚያው 37 ዲግሪ ውስጥ አስቀምጪው። አጭሩ ስንት ሳምንት ቀድሞ እንደሚያልቅ ማወቅሽ አይቀርም፣ ያ ቁጥር ደግሞ ለጽሑፍሽ ያስፈልግሻል።

የኤንኤምአሩን ምስል ላኪልኝ። አጉልተሽ ይሁን፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

እናትሽ